ሁለተኛው ፊርማ

ሰኔ 9 ቀን

ውድ ባለቤቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በየእሑዱ ከሰው አገር ስትደውዪ «ተኝታለች፣ ጓደኛዋ ቤት ሄዳለች» የምልሽ ውሸት ነው። ልጃችን አጠገቤ ተቀምጣ ነው ስልኩን አልቀበልም የምትለው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

በጥር ከትምህርት ቤት የመጣውን ቅጽ ታስታውሻለሽ? ስለ ሰውነት ለውጥ ልናስተምር ነው፣ ልጄ አትማርም የሚል ወላጅ መብቱ ነው፣ ግን እናትም አባትም ይፈርሙ የሚለውን። አንቺ «ተው፣ ትማር፤ እኔ አጠገቧ የለሁም» አልሽኝ። እኔ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ብዬ ድርቅ አልኩ። ታፔላ ጸሐፊ አይደለሁ? የድሮ ደብዳቤሽን ፊቴ ዘርግቼ ያቺን ጅራቷ የተቆለመመች ፊርማሽን ቁጭ አደረግኳት። እንዲያውም ኮራሁባት።

ጓደኞቿ ሲማሩ እሷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፍ አቧራ ስታራግፍ ዋለች።

በግንቦት ደም አየች። የምትሞት መስሏት ሦስት ቀን ደበቀችኝ። በአራተኛው ቀን ደሙን ያቆምልኛል ብላ መሳቢያ ውስጥ ያገኘችውን ክኒን ሁሉ ዋጠች። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ተርፋለች፤ ጉበቷ ግን ተጎድቷል፣ በየወሩ ትታያለች። ያልነገርኩሽ ፈርቼሽ ነው።

ነርሷ ነገሩን ስታስረዳት «ክፍል ውስጥ አልተማርሽም እንዴ?» አለቻት። ልጅሽን ታውቂያታለሽ፤ እንደዳነች ቅጹን ከአስተማሪዋ ለምና አመጣች። ደብዳቤሽን ከቆርቆሮ ሣጥኗ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። «እማዬም ፈርማለች» አለች። የፈረምኩት እኔ ነኝ ሳልላት ቀረሁ። አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም።

ትናንት አላስችል ብሎኝ ተናዘዝኩላት። ዓይኗ እያየ ፊርማሽን ደግሜ ጻፍኩት። ብዙ አየችውና፣

«አባዬ፣ ያኔ ከዋሸኸኝ፣ አሁንስ ለእማዬ ብለህ እንደማትዋሸኝ በምን ልወቅ?» አለችኝ።



ደብዳቤ አትጻፊላት፤ እኔ የጻፍኩት ይመስላታል። የምታስታምሚያቸውን አሮጊት ልጆች ፈቃድ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉሽ ጥለሽ ነይ። እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ፤ ልፍታህ ብትዪም አልከራከርሽም። እሷ ግን አንቺን አትጣ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ያግባሽ።

የበደለሽ ባልሽ

ደብዳቤውን ሳሽግ ልጄ አጠገቤ ነበረች። «ሰላም በልልኝ» ትል እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም።