የኢሳ መኪና ሞላና ያንቺ ሠርግ

ለእህት ዓለሜ ለማዘንጊያ፣

እንዴት ነሽልኝ? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ነሽ ወይ? እማዬስ ወገቧ ተሻላት ወይ? አባዬስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው ወይስ አሁንም በሳላቸው የሠፈሩን ውሻ ሁሉ ያስጮሃሉ? ታናሻችን ትንሣኤስ ደብተሩን ይዞ ነው የሚውለው ወይስ ኳሱን? አዘዞ ብርዱ እንዴት ነው? የእኔን ከጠየቅሽ አካሌ ደህና ነው፤ ሌላውን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ።

የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስደውል አጎታችን ጋሼ ጸጋዬ ከጎኔ ቆመው «አሳጥር! አሳጥር!» ስለሚሉኝ ነው። ለሠርግሽ እመጣ እንደሆነ ስትጠይቂኝ «አየዋለሁ» ብዬ የዘጋሁትም ለዚሁ ነው። መልሱ ረጅም ነው፤ የመኪና ሞላም አለበት። አትሳቂ።

ጋሼን ታውቂያቸዋለሽ። እዚህ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሠፈር ባለው ጋራዣቸው፣ በአገሩ አጠራር ዋርሻ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰሊጥ ጭነት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። ለእሳቸው ጥሩ መኪና ማለት ብዙ ጆንያ የሚሸከም መኪና ነው። ሞላ ከደከመ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ በመሃሉ መወተፍ። ራስ ምታት ቢያማቸው ጆሯቸው ውስጥ ጎማ የሚወትፉ ይመስለኛል።

ኢሳ የሚባል የአል-ጣኢፍ ሠፈር ልጅ ደንበኛችን ነው። ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነውና ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ይወዳደራል። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ ከቆመበት ተነስቶ አራት መቶ ሜትር ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። የኢሳ መኪና ግን ሲነሳ ጭራውን ወደ ጎን ይወረውራል። ስለዚህ ከዱባይ ለኋላው ኮይሎቨር የሚባል ሞላ አስመጣ። ሞላውና ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር አንድ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እንደ ሹራብ ለብሶታል። ከሥሩ ቀለበት አለው፤ ስታዞሪው ሞላው ይጠብቃል ወይም ይላላል። ጋሼ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይኼ የብስክሌት ነው» አሉ። ኢሳ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ያ ዞል፣ አንተ ግጠመው፤ ያላ!» አለኝ። ያ ዞል ማለት አንተ ሰውዬ፣ ያላ ደግሞ በል ቶሎ እንደማለት ነው። ሰውዬ ተባልኩልሽ!

ገጠምኩት። የቀረው ቀለበቱን ማስተካከል ነበር። ያኔ ጉባኤው ተሰበሰበ፤ ጋሼ፣ የገላባት አውቶቡስ ሹፌሩ ጋሼ ደመቀና ባለሱቁ ጋሼ አያሌው። «መኪና ባዶውን አይለካም» ብለው ፈረዱና ሦስቱም ተደጋግፈው የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሦስቱ ሲደመሩ አንድ በሬ ከነቀንበሩ ያህላሉ። እነሱ እንደተቀመጡ «ጨምር፣ ጨምር» እያሉ ቀለበቱን አስጠበቁኝ። ሲወርዱ መኪናው እንደ ፌንጣ ጭራውን ሰቅሎ ቆመ። ጋሼ ደመቀ «መኪና እንዲህ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ ልክ አለመሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ያ ነው።

በጁምዓው ኢሳ ሲነሳ ጎማው አስፋልቱን መያዝ አቅቶት ነጠረ፤ መኪናው ተሽከርክሮ አሸዋው ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈው። መኪና ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ሞላው ትንሽ ቁጭ ብሎ ጎማውን ከመንገዱ ጋር ማጣበቅ አለበት። የእኛው ለሦስት ሽማግሌ የጠበቀ ነውና ለአንድ ቀጭን ልጅ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ግን በእኔ ላይ ጮኹ። «በሚቀጥለው ጁምዓ ቀጥ ብሎ ካልሄደ፣ በማግስቱ በደመቀ አውቶቡስ ወደ እናትህ! የሰው ልጅ አታስፈጀኝም!» አሉ።

ለአንቺ ብቻ ልናገር፤ ደስ አለኝ። ጋሼ በፈቃዳቸው ከሥራ አይለቁኝም። ቀለበቱን ሽማግሌዎቹ ባስጠበቁት ብተወው ለሠርግሽ እደርሳለሁ፤ መኪናሽ ላይ አበባ የማስረው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ። ግን የሚነዳው ኢሳ ነው። በዚህ አገር «ምሳ በላህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው።

የገና ዕለት ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጉባኤያቸው ጋር ዶሮ ሊበሉ ጋሼ አያሌው ቤት ሄዱ። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ዋርሻውን ከፈትኩ። እንደ ኢሳ ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ከውጭ መለካት ነበረበት። እኔ ስልሳ ኪሎ ነኝ፤ ግን ተቀምጬ መለካት አልችልም። በሩ ላይ ቆሜ ሰው ጠበቅሁ። አንድ ራክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ እየተንደቀደቀ አለፈ። ሌላ ማንም የለም። ዓመት ከመንፈቅ እዚህ ኖሬ «ና እስቲ አንድ ሰዓት ተቀመጥልኝ» የምለው ሰው ባስብ ባስብ አጣሁ።

ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ወንበሩ ላይ ደረደርኩና በቀበቶ አሰርኳቸው። «እንኳን አደረሳችሁ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ምክር ስላልሰጡኝ ግን ከጉባኤው ይሻላሉ። ከመሬት ከጎማው በላይ እስካለው ፓራፋንጎ በሜትር እየለካሁ፣ ቀለበቶቹን እያላላሁ፣ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን ድረስ ዋልኩ።

በጁምዓው መኪናው ቁጭ አለና እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ኢሳ ሁለት መኪና ያህል ቀድሞ ገባ። ወንድሞቹ፣ የአጎቱ ልጆች፣ ሁሉም ሮጠው አቀፉት። እኔ ክሪኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጮኼ የምነግረው ሰው ብፈልግ በአማርኛ የሚሰማኝ የለም ብዬ ሳስብ፣ ጋሼ ከአንድ ፒክአፕ ጀርባ ብቅ አሉ። ተደብቀው ሲያዩ ነበር! «ስትለካ ማን ተቀመጠልህ?» አሉኝ። «ውሃ» አልኩ። ክሪኩን ከእጄ ተቀብለው «እኔን አትጠራኝም ነበር?» አሉ። እርስዎ መቶ አሥር ኪሎ ነዎት አላልኳቸውም። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

ትናንት ፓስፖርቴን ወስደው ለመኖሪያ ፈቃድ አስገቡልኝ። «ከእንግዲህ የዋርሻው ሰው ነህ» አሉ፤ ይህ የእሳቸው ምርቃት ነው። ፓስፖርቱ የሚመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያለሱ የገላባትን ድንበር ማለፍ አይቻልም። እና እታለም፣ አልመጣም። በገዛ እጄ ነው የቀረሁት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የቀረሁበትን ምክንያት ግን ቀስ ብለሽ ንገሪያት። አባዬን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለትንሣኤ ጋሼ ደመቀ ነገ ሲነሱ ኳስ ይዘውለት ይመጣሉ፤ ነጥቀው እንዳይጫወቱበት ይጠንቀቅ። ሙሽራው ካሳሁን ደግሞ እህቴን ካስከፋ ሞላውን እንደማላላለት ይወቅ።

ሠርግሽ ጥር አሥራ ስምንት እሑድ ነው፤ እዚህ የሥራ ቀን ነው። ከቤት በምትወጪበት ሰዓት ከመኪናው ሥር ወጥቼ፣ እጄን ታጥቤ ትንሽ እቆማለሁ። ለምን ቆምክ የሚለኝ የለም። አንቺ ግን እወቂልኝ።

ወንድምሽ ነቢዩ
ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
ጥር 5 ቀን 2006 ዓ.ም.