ውኃ ስለማይጠጣው አበባ፣ ለሕንፃችን የውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃችን የውበትና የአረንጓዴ ገጽታ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በላይኛው ፎቅ ለሚገኘው ሰፊ ሰገነትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ በረንዳዎቻችን ቅጠል ክረምት ከበጋ ሳይጠወልግ እንዲሰነብት እመኛለሁ። እኔ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ በማተሚያ ቤት በአራሚነት የምተዳደር ነዋሪ ነኝ። ሰው የጻፈውን እያነበብኩ የጎደለ ፊደል ስፈልግ ስለምውል፣ ደብዳቤዬ ቢንዛዛ የሥራ ጠባይ ነውና ይለፉኝ።

ይህንን ጽሑፍ በአሳንሰሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ መለጠፌም እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ፀሐፊዎ ‘ጣሪያ ላይ ናቸው’ ትለኛለች፤ የጣሪያው በር ደግሞ ተቆልፎ ይውላል።

ባለፈው ሳምንት በበራችን ሥር የገባው ማስጠንቀቂያዎ ደርሶኛል። ‘ከዘጠነኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሰው ሠራሽ ዕፅዋትን ውኃ የሚያጠጣው ግለሰብ ከድርጊቱ እንዲታቀብ’ ይላል። ግለሰቡ እናቴ ናት። ጽሑፉ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ለዚህ በሙያዬ ስም አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ሌላው ሥራዎ ሳላመሰግን ወደ እሷ ጉዳይ ብገባ ውለታ ቢስ ያሰኘኛልና በተራ እሄዳለሁ።

፩. ስለ ግቢው። መግቢያው አጠገብ የነበረው ዛፍ ‘ቅጠል ያራግፋል’ ተብሎ ተቆርጧል። እውነት ነው፣ ያራግፍ ነበር፤ ዛፍ መሆኑንም ማንም አልደበቀዎትም። በቦታው የፈሰሰው ነጭ ጠጠር ምንም አያራግፍም፣ ጥላም የለውም። አግዳሚ ወንበሩም ከንድፉ ጋር ስለማይሄድ ተነሥቷል፤ አሁን የሕንፃው ሽማግሌዎች ቆመው ነው የሚያወሩት። ቆሞ ማውራት ጉልበት ስለሚፈጅ ሐሜት በጣም ቀንሷል፤ ይህንን በሪፖርትዎ ውስጥ ቢያካትቱት መልካም ነው።

፪. ስለ ጣሪያው። የልብስ ማስጫ ገመዶቻችን ተነቅለው ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፏል፤ ሣሩ እንዳይረገጥም በሩ ተቆልፏል። የበቀለ ሣር እንዳይሞት ተብሎ አትርገጡት ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ኖሮ የማያውቀውን ከሞት መጠበቅ ግን የእርስዎ ኮሚቴ ብቻ ያሰበው ርኅራኄ ነው። ከእኛ በታች ስምንተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርስ የሥራ ልብሷን አሁን መታጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ትሰቅላለች፤ ‘እንግዲህ ሣሩ ለወፎቹ ይሆናላ’ ብላኛለች። ወፎቹም አንድ ሰሞን መጥተው ጫር ጫር አድርገው ሄዱ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባቸው መሰለኝ፣ አልተመለሱም።

፫. ስለ በረንዳዎቹ። እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

እናቴ መርሳት ከጀመረች ቆይታለች። የፎቅ ቁጥር አይያዝላትም፤ የእኔም ስም አንዳንዴ ያመልጣታል። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ወርዳ፣ ፀሐይ ሞቃ፣ ብቻዋን ትመለስ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። በረንዳችን ላይ በቢጫ የዘይት ቆርቆሮ የተከለችው፣ ስሙን እሷም እኔም የማናውቀው ቀይ አበባ ነበር። የሌላው ሰው በረንዳ ፍራሽና አሮጌ ወንበር ስለሚቀመጥበት፣ የእኛ ከታች ቀና ሲሉ ይለያል። ግራ ከገባትም ያገኘችውን ሰው ‘የአበባው ቤት አድርሱኝ’ ትላለች፤ ትንሽ ትልቁ ያውቀዋልና ያደርሳታል። ይህችን ቃል ያስጠናኋት እኔ ነኝ። አጭር ናት፣ አትጠፋባትም ብዬ ነበር።

ከዚያ የኮሚቴው ሠራተኞች ለ‘ወጥ ገጽታ’ መጡ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቆርቆሮውን ዝገት ነው ብለው ከነአበባው ወሰዱት፤ በምትኩ በሁሉም በረንዳ እንዳደረጉት አንድ ዓይነት የላስቲክ ሐረግ ከአንድ ዓይነት ሮዝ አበባ ጋር አሰሩ። ሕንፃው በእርግጥ አማረበት። ማታ ከሥራ ስመለስ ከመንገድ ማዶ ቆሜ የራሴን ቤት ለማግኘት ከታች ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ።

በማግስቱ እናቴ እንደ ልማዷ ወረደች። ቀና ብላ ብታይ ቤቷ የለም፤ ወይም ሁሉም ቤቷ ነው። አዲሱን ጥበቃ ‘የአበባ ቤት አድርሰኝ’ አለችው። ጥበቃው ትጉህ ሰው ነው፤ የነዋሪዎቹን ስም ከላይ እስከ ታች አየና ‘እማማ፣ አበባ የምትባል ሴት እዚህ አትኖርም፤ ሕንፃ ተሳስተው ነው’ ብሎ፣ ክንዷን ደግፎ፣ በአክብሮት ከበር አወጣት። እኔ እንደ አራሚ ጉድለቱን አይቼዋለሁ፦ አንዲት ‘ው’ ናት የቀረችው። ‘የአበባው’ ብትል ኖሮ የሰው ስም አይመስለውም፣ ምናልባት ቀና ብሎ ያይ ነበር። ቢያይስ የትኛውን? ‘ው’ የምትለየው የሚታወቀውን ነገር ነው፤ የሚታወቀው ደግሞ በቆሻሻ መኪና ሄዷል። ስለዚህ ጥበቃውን አልወቅሰውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያገኘኋት ከሕንፃችን ርቆ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ነው። በአበቦቹ መሃል ተቀምጣለች፤ አንድ እግር ጫማዋ የለም፣ ተረከዟ ደምቷል። ሻጯ ‘ቤቴ ነው ብለው ገቡ፣ አይደለም ለማለት አፍ አጣሁ’ አለችኝ። እናቴ ስታየኝ ‘ቶሎ በል፣ እንግዳ በዝቶብኛል፣ ወንበር አምጣ’ አለች። ያኔ ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ አላለቀስኩም። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚነካኝ ነገር ሁሉ በጓንት ላይ እንደሚነካኝ ነው። ይህንን የምጽፍልዎም ተናድጄ አይደለም። መናደድ ተገቢ መሆኑን አውቃለሁ፣ ንዴቱ ግን እስካሁን አልመጣልኝም።

ኮሚቴው ነገሩን ሰምቶ በዋናው በር ላይ ካሜራ በማስገጠሙ ምስጋናዬ ይድረሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ ግን ካሜራው ስለማይጮኽ አላልኩም።

እናቴ አሁን ብቻዋን አትወርድም። ጠዋት ጠዋት በጆግ ውኃ ቀድታ የእርስዎን ሐረግ ታጠጣለች። አልፈካ ሲላትም ‘ምን አስቀይመነው ይሆን?’ እያለች ትጨነቃለች። ውኃው ወደ ነርሷ በረንዳ ይወርዳል። ነርሷ አልከሰሰችም፤ ባልዲ አስቀምጣበት፣ ሲሞላ ወለሏን ትወለውልበታለች። የከሰሱት እርስዎ ነዎት፤ ነጠብጣቡ የሐረጉን ቀለም ያበላሻል ብለው።

፬. ልመናዬ አንድ ነው። ችግኝ ሻጯ ሌላ ቀይ አበባ በነፃ ሰጥታኛለች፤ ቢጫ ቆርቆሮም ፈልጌ አግኝቻለሁ። ሠራተኞችዎ እንዳያዩት ኩሽና ውስጥ ከማድጋው ጀርባ ደብቄዋለሁ፤ ብርሃን ስለማያገኝ ግን ቅጠሉ እየገረጣ ነው። በረንዳችን ላይ እንዳወጣው ይፈቀድልኝ። እንደ ጌጥ ከሆነ ከወጥ ገጽታችን ጋር እንደማይሄድ ገብቶኛል፤ እንደ ቤት ቁጥር ይቆጠርልኝ። እናቴ የምታነበው ቁጥር እሱን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ፈጥኖ ካልወጣ እስከ መቼ እንደምታነበው አላውቅም።

የኮሚቴውን ድካም ከታች ወደ ላይ አንጋጥጬ የማደንቅ፣ ለሐረጉ ቀለም ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣ በማንኛውም ሰዓት ለመታረም ዝግጁ የሆንኩ፣

አክባሪዎ፣ የዘጠነኛ ፎቅ አራሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አመሻሽ ላይ ሁለት ሰዎች ነጭ ጠጠርዎን ሲዞሩ ከሰገነትዎ አይተው ከሆነ አይሥጉ፣ ሌቦች አይደለንም። እናቴ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጣ ‘መሽቷል፣ ወደ ቤት እንሂድ’ ትለኛለች። ቤት ነን ብላት ስለምትፈራ ጫማዋን አጥልቄላት አወርዳታለሁ፣ ግቢውን እንዞራለን፣ መልሼ አወጣታለሁ። ትናንት በራችን ላይ ስንደርስ እጄን ጨብጣ ‘እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ ከዚህ ወዲያ አውቀዋለሁ፤ በል አንተም ወደ ቤትህ ሂድ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች’ አለችኝና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወዴት መሄድ እንዳለብኝ ኮሚቴው ያወጣው መመሪያ ካለ በትሕትና እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።