«በየትኛው መጣህ?»

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደህና እንዳልሆንክ እያወቅኩ መጠየቁ ማሾፍ መሰለኝና ተውኩት። እኔም ደህና አይደለሁም። የአባባን ሞት በስልክ ስነግርህ፣ ካለቀስክ በኋላ «በመጨረሻ ምን አለ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። «አንተን ጠርቷል» አልኩህና ሰው መጣብኝ ብዬ ዘጋሁት። ሰው አልመጣብኝም። የጠራህ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በስልክ መናገር አልቻልኩም። እስካሁንም ለማንም አልተናገርኩትም። በጽሑፍ ይወጣልኝ እንደሆነ ልሞክር።

የምጽፍልህ ከጋራዡ ነው፤ መኪና ከሥር ከምናይበት ጉድጓድ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ። በሩን ከፍቻለሁ እንጂ እየሠራሁ አይደለም። ያቺ የምታውቃት መምህር የፍሬን ሸራ እንድቀይርላት 205 ፔጆዋን አቁማልኝ «ሲመችህ» ብላኝ ሄዳለች። ጎማዋን ፈትቼ ቆሜ ነበር፤ ከኋላዬ የሚያስል ሰው የለምና እጄ አልታዘዝ አለኝ። አባባ እኮ ስሠራ አይናገርም ነበር፤ ያስላል ብቻ። አንዱ ሳል «ተው» ነው፣ አንዱ ሳል «ቀጥል» ነው። «ጎበዝ» የሚል ሳል አልነበረውም።

የምታውቀውን መልሼ ብነግርህ ታገሠኝ፤ ስለ እሱ ማውራት ሰሞኑን ከምግብ ይበልጥብኛል። ከፔጆ ሌላ መኪና በራችን ላይ ሲቆም ባለቤቱን በትህትና «የዚህን ቋንቋ አልችልም» ብሎ ሲሸኝ ትዝ ይልሃል? ሰፈሩ ሁሉ «ባለ ፔጆው» ነበር የሚለው። እኛ ፊደል ሳንቆጥር 403ን ከ404 እንለይ ነበር። 403 ክብ ብላ የተቀመጠች፣ አያት የመሰለች፤ 404 ከኋላዋ ክንፍ አውጥታ ልብረር የምትል፤ 504 ዓይኗ ያዘነ፣ ሻንጣ ቤቷ ጎበጥ ያለ፣ ሰው ጭና የማትሰለች፤ 505 ያው 504 ሱፍ ለብሳ፤ 205 ትንሿ፣ የትም ሾልካ የምትገባ። «መሃሏ ላይ ዜሮ ከሌለ የኛ አይደለችም» ይል ነበር። ዓይናችንን በጨርቅ አስሮ የፊት መብራቱን በእጃችን ያስዳስሰንና «የቷ ናት?» ይለናል። አንተ ሁልጊዜ ቀድመህ ትመልሳለህ። እኔም አውቀው ነበር፤ ግን አፌ እስኪላቀቅ አንተ ጨርሰሃል። ከዚያ «ጎበዝ ሻለቃዬ!» ይልሃል። ሻለቃ ያለህ ደንበኞቹን በዚያች ቀጭን ድምፅህ ተራ እያስያዝክ ስለምታዛቸው ነው። ትልልቅ ሰዎች እየሳቁ ይታዘዙልህ ነበር።

እማማ ከሞተች በኋላ ቤታችን ያቺ ባለ ሦስት ረድፏ 504 ነበረች ማለት ይቻላል። አባባ ይነዳል፣ አንተ ከጎኑ፣ መሃል መለዋወጫው፣ እኔ ከመጨረሻው ረድፍ። ከዚያ ሆኜ የማየው የሁለታችሁን ማጅራት ነው። ስትስቁ ትከሻችሁ ሲነቃነቅ አያለሁ፤ ቀልዱ ግን በሞተሩ ድምፅ ተውጦ እኔ ዘንድ አይደርስም። ዝም ብዬ አብሬያችሁ እስቅ ነበር። ይህን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ማጅራታችሁን እያየሁ ስላደግኩ ነው መሰለኝ፣ እስከዛሬም ሁለታችሁን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ከዚያ ሄድክ። በሰው አገር፣ መስታወት በመስታወት በሆነ አዳራሽ ውስጥ፣ ከረባት አስረህ አዲሶቹን ፔጆዎች መሸጥ ጀመርክ። አባባ ይህን ያልነገረው ደንበኛ የለም። «ልጄ አዲሶቹን ይሸጣል፣ እኔ አሮጌዎቹን እጠግናለሁ፤ ምን ቀረን?» ይላል። አንተም በየዓመቱ ካታሎግ ትልክለታለህ። ፖስታው ሲመጣ ሥራ ይቆማል። እጁን በቤንዚን፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ እንደገና በሳሙና ይታጠባል። ይቀመጥና 206ን፣ 307ን፣ 407ን አንድ በአንድ ያስተዋውቀኛል፣ የወለዳቸው ይመስል። ቁጥራቸው በስምንት ማለቅ ሲጀምር ትንሽ ግር አለው። ባለ ሁለት ዜሮዎቹ 2008ና 3008 ሲመጡ ደግሞ «አንዱ ዜሮ መጠባበቂያ ነው?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እነሱን መጠገን እንደማይችል ያውቃል። ኮምፒውተር ነው የሚጠይቁት። ቢሆንም አንተ የምትሸጣቸው ስለሆኑ ይወዳቸዋል።

አንድ ነገር ግን አታውቅም። መኪኖቹን አይቶ ሲጨርስ ካታሎጉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ይገልጠው ነበር፤ በዚህኛው ዙር ጠርዝ ጠርዙን እያየ። የእጅ ጽሑፍህን ነበር የሚፈልገው። «አባባ እንዴት ነህ» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ብሎ ነው። «አታገኝም» ልለው አፌ ላይ ይደርስና ዞሬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ ጊዜ 508ቷ ላይ በእስክሪብቶ ክብ አድርገህባት ነበር። ለአንዱ ደንበኛ ስታሳይ ያደረግካት ይመስለኛል። አባባ ግን «በዚህች ነው የሚመጣው» አለ። ቀለሟን ሳይቀር መረጠልህ። ሰፊ ናት፣ አታልፍም ብሎ የጋራዡን መግቢያ እንዳሰፋው አደረገኝ። ግድግዳውን አፍርሼ አሰፋሁት። ዛሬም ሰፊ ነው።

እኔስ? እኔ እዚሁ ነበርኩ። ሞተር ብቻዬን አውርጄ፣ ከፍቼ፣ ገጥሜ ስመልስ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጥና «ሻለቃ ቢሆን በግማሽ ቀን ይጨርሰው ነበር» ይላል። አንተ ደግሞ ሞተር አውርደህ አታውቅም፤ ስትሄድ ገና ካንዴላ ነበር የምትቀይረው። አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ቁልፉን ጥዬ ልሂድ ያሰኘኛል። አልሄድኩም። እንዳልሄድኩም ያየልኝ ያለ አልመሰለኝም። ቤት ውስጥ ያለን ወንበር ማን ልብ ይለዋል?

የስኳር በሽታው መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ዓይኑን ያዘበት። ወንበሩን በር ላይ አውጥቼለት ይቀመጥና በመንገዱ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው ይለያል። ኩላሊቱ እምቢ ሲል ሐኪም ቤት አስገባሁት። ያን ጊዜ ደወልኩልህ። «ፈቃድ እጠይቃለሁ» አልክ። ደግሜ ደወልኩ፤ «ወር ይዙርልኝ» አልክ። የሰው ቤት ሥራ እንዴት እንደሆነ አላውቅምና አልፈርድብህም። ለአባባ ግን ምን ልበለው? «ይመጣል» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና ያደርግ ጀመር። ምግብ ተሸካሚዋም ስትመጣ፣ ጽዳቷም ስትመጣ ያው ነው። «ይመጣል» ባላልኩት ኖሮ ብዬ ሰውነቴ እስኪደክም ጸጽቶኛል።

እንግዲህ ያልነገርኩህ ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ውኃ ልገዛለት ወጥቼ ተመለስኩ። ነርሷ ግሉኮሱን እየቀየረችለት ነው። ትኩሳቱ ጨምሯል፤ ዓይኑ ተከፍቷል ግን አያይም። ኮቴዬን ሰምቶ ቀና አለ።

«መጣህ?» አለኝ።

ውኃውን ገዝቼ መመለሴን የጠየቀኝ መስሎኝ «መጣሁ» አልኩት። እጁን ዘረጋ፤ ያዝኩት። እንደዚያ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም። «ሻለቃዬ» አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ድምፃችን አንድ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከሄድክ በኋላም ደንበኞች ስልክ ላይ አንተን እየመሰልኳቸው ስንቴ አዋርተውኛል። «አይ አባባ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ነርሷን አየኋት፤ አቀርቅራለች። ፊቱን ደግሞ ብታየው ወንድም ጋሼ! ያ የከሳ ፊት ያን ያህል ሲበራ፣ እንዴት አድርጌ «እኔ ነኝ» ልበል? ማን መጣልኝ ብሎ ነው?

«በየትኛው መጣህ?» አለኝ።

508 በል፣ የመረጠልህን ቀለም ጨምረህ ንገረው የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ከአፌ አልወጣ አለኝ። «በ504ቷ» አልኩት።

ሳቀ። «እሷ ታደርሳለች» አለ። «ዘይቷን አየህላት?»

«አየሁላት።»

«ጎበዝ» አለ። ወንድም ጋሼ፣ ያቺ ቃል ያንተ ናት፤ ያላየሁትን ዘይት አየሁ ብዬ የወሰድኳት ናት። ቢሆንም ተቀበልኳትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ ውኃውን ከእጄ ተቀብላ አስቀመጠችልኝ።

የተኛ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታናሽህ እዚህ የለም አይደል?» አለ።

«የለም» አልኩት። እኔው ነኝ ያልኩት፤ በገዛ አፌ።

«እሱን አንድ ቀን ጎበዝ ብዬው አላውቅም» አለ። እያረፈ ነው የሚናገረው። «እጁ ከኔ እጅ ይበልጣል። ሞተር ገጥሞ ሲጨርስ አዳምጥና ስህተት ፈልጌ አጣበታለሁ። አንተን ጎበዝ፣ ጎበዝ ስልህ ሄድክ። እሱንም ካልኩት ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ብነግረው ደግሞ ሊሞት ነው ብሎ ይደነግጥብኛል። አንተ ንገረው። አባባ እንዲህ ብሏል በለው።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

«እንዳትረሳ።»

«አልረሳም አባባ።»

እጄን ለቀቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። በማግስቱ ሐኪሙ ጠራኝ፤ የቀረውን በስልክ ነግሬሃለሁ።

ነርሷ ዕቃውን ስሰበስብ መጥታ «እርስዎ እንደሆኑ አውቀዋል እኮ፤ አባት ልጁን አይስትም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ እግዜር ይስጣት። ግን አላወቀም። ቢያውቅማ አይናገረውም ነበር። ስንት ዓመት የያዘውን ነገር የለቀቀው እኔ እንደሌለሁ አረጋግጦ ነው፤ ያረጋገጥኩለትም እኔ ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበርነው ሁለታችንም ነን። አንተ ሩቅ ስለሆንክ፣ እኔ ደግሞ አንተን ስለሆንኩ። ሻለቃዬ ብሎ እጄን ይዞ ሲሰናበት የተሰናበተው አንተን ነው። እኔን ማን ተሰናበተኝ?

ተናድጄብህ ነበር፤ አልዋሽህም። የሰጠኸው መልስ ሁሉ በጆሮዬ እየመጣ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። አሁን ግን ንዴቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ድካም ብቻ ቀርቶኛል። አስበው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩትን ነገር ሰማሁት፣ ግን ለኔ አልተነገረም። በር ላይ ቆሞ የሰው ወሬ እንዳዳመጠ ሰው ነኝ። ጋራዡን ስከፍት «አባባ እጅህ ከኔ ይበልጣል ብሎኛል» ልል እፈልግና አላለኝማ! ያለው ለአንተ ነው። መልእክቱን በስህተት ተቀበልኩ እንጂ መልእክተኛው አንተ ነህ።

መቃብሩን መጥተህ እይ አልልህም፤ ሲመችህ ትመጣለህ። ስለ ጋራዡም አታስብ። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ደውልልኝ። ስለ ሥራ፣ ስለ ጤና አትጠይቀኝ፤ መስመሩም ይቆራረጣል አትበለኝ። አባባ ንገረው ያለህን ንገረኝ። እንዳለው አድርገህ፣ ሳትጨምርም ሳትቀንስም፣ «አባባ እንዲህ ብሏል» ብለህ ጀምር።

እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኜ እሰማሃለሁ።

ታናሽህ