ጥቁሩ ጥንብ አንሳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018

ጋሼ ከድር ዛሬ ደሜን አፈሉት። ሰባተኛ ሰፈር ካለው ሱቃችን ፊት ለፊት፣ ሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሁለት ጥንብ አንሳዎች አርፈዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጠቆር ያለ ቡናማ። ጎረቤታችን ጋሼ ከድር ድንጋይ አንስተው ቡናማው ላይ ብቻ ወረወሩ።

«ነጩ ይቀመጥ፤ ይሄኛው ገደ ቢስ ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ዘራቸው አንድ ነው! ይሄ ገና ልጅ ስለሆነ ነው። ላባውን በቀየረ ቁጥር ዝጉርጉር እያለ፣ ከዓመታት በኋላ እንደዚያኛው ይነጣል።»

«አንተ ደግሞ! ጥቁር ታጥቦ ይነጣል?»

ሁለተኛው ድንጋይ ክንፉን መታው። እየተንገዳገደ በረረ፤ ነጩም ተከተለው። ጋሼ ነጭ ጢማቸውን እያሹ ገቡ። እኔ እዚህ ሰፈር ስመጣ ያ ጢም ከሰል ይመስል ነበር። ያኔ ማን ድንጋይ ወረወረባቸው?