የአባትህ ኳስ

ልጄ እንድርያስ፣ የልደታዋ እመቤት በሄድክበት ትከተልህ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህ ግን አቃጥሎ ሊገድለኝ ነው። ድራማዬ ሊጀምር ሲል ቀድሞኝ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ይገፍና ኳስ ይከፍታል። ድምፁን አጥፍቶ ደግሞ ትተኸው የሄድከውን የሶል ሙዚቃ ካሴት ያስጮኸዋል። ዘፋኙ ሴትየዋን ሲለማመጥ ነው የሚውለው፤ እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ዘፈን ቁርጡን በነገርኩት!

ትናንት ጎል ሲገባ እንኳ ዝም አለ። «ምነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ካሜራው ወደ ሕዝቡ እስኪዞር ነው» አለኝ። ለካ ስታዲየም እገባለሁ ብለኸው፣ አንተን ነው የሚፈልገው!

አምላክ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። እስከዚያው ግን ስታዲየም ስትገባ ያቺን የሠራሁልህን ቢጫ ኮፍያ አድርጋት፤ እኔም ከአባትህ ኋላ ቆሜ ስፈልግህ ዓይኔ ደከመ።

እናትህ ተናኘወርቅ