አንዲት ፊደል

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰላም ይቅደምሽ፤ ክፉ አይይሽ። አባትሽ ደኅና ነው፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የኦክስጅን መሣሪያው ስለሚቆም፣ እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ።

ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የተቃውሞ ማመልከቻ አምጥቶ፣ «እትዬ፣ ኮረብታችንን እኮ የመርፌ መሰኪያ ሊያደርጉት ነው! አርመው ይፈርሙልን» አለኝ። አንቺን የወሰደችው መኪና የተሰወረችው ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ነውና፣ መልኩ እንዲለወጥ እኔም አልወድም።

ማመልከቻው ግን «እንዳይተከልብን» ማለት ሲገባው «እንዳይተከልልን» ይላል። «ብን» ለጉዳት፣ «ልን» ለጥቅም መሆኑን አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀይ ብዕሬን ሳነሣና ሳስቀምጥ ሰነበትሁ። ዛሬ ጠዋት መብራት ሲጠፋ የአባትሽ ከንፈር ጠቆረብኝ። ወረቀቱን ሳላርምም ሳልፈርምም መለስሁ።

ስትመጪ ኮረብታው ተለውጦ ብታገኚው፣ እናትሽን አትቀየሚያት። ማመንጫው ይተከልልን፤ አንቺንም ለዓይነ ሥጋ ያብቃልን።