የአባባ የሐዘን ጺም

ሰኞ፣ ጥር 20

አልላጭዎትም አለው። አባባን! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲላጨው የኖረው ጋሽ ታደሰ፣ ጸጉር ቤቱ ሰው ሞልቶ እያለ፣ "ምላጩ ዶልዱሟል፣ ሌላ ቀን ይምጡ" ብሎ መለሰው። ከአባባ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረውን ሰውዬ በምን ላጨው ታዲያ? በጥርሱ?

አባባ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የወንድሜ የዳዊት አርባ እሁድ ነው። አባባ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያሳደገው ጺም አንገቱን ሁሉ ሸፍኖታል። ለአርባው ተላጭቶ ሰው ፊት መቅረብ አለበት፣ ወግ ነው።

"እንግዲህ አልወጣም" አለኝ። "ድንኳን ውስጥ አልቀመጥም። ሰው ከጠየቀ አሞታል በይ።"

የልጁ አርባ ላይ! ኧረ እንዴት ተደርጎ!

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳዊት በሳንባ በሽታ ሞተ ብለን ለሰፈሩ ነግረናል። ሰፈሩም እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎን፣ በሆዱ ግን ያ በደም የሚተላለፈው ነው ብሎ፣ በእኛ ብርጭቆ መጠጣት ተወ። ገናና ጥምቀት እንዲሁ አለፉ። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ አባባ ግድግዳ እያየ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ከቢሮ ስወጣ በቀጥታ ወደ ጋሽ ታደሰ ሄድኩ። ደንበኛ እስኪወጣለት በር ላይ ጠበቅኩት።

"አባቴን ለምን መለሱት?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጄ፣ እሳቸውን ጠልቼ አይደለም። ሰው እያየ ነው። ደንበኛ ይሸሻል፣ እኔም ልጆች አሉኝ።"

"በቶንዶዝ እንኳ ይቀንሱለት።"

"ቶንዶዙንስ ለሌላ ሰው ላደርገው አይደል?" አለና ከመሳቢያው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። "ይኼ እሳቸውን የምላጭበት ነው። ከእንግዲህ ለማንም አልጠቀምበትም። ውሰጂው፣ እዚያው ቤታችሁ ይሁን።"

ምላጩን ሰጠኝ! እንደ ቆሻሻ ጠቅልሎ። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፣ ጋሽ ታደሰ" አልኩት። ማርያም ቀን ነው፣ እሷ ይቅር ትበለኝ። ግን ተቀበልኩት። ለምን እንደተቀበልኩት እስከ ቤት ድረስ አላወቅኩም ነበር።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፦
ሌላ ጸጉር ቤት። ቡልጋሪያ ወይ ላንቻ እንሂድ፣ እዚያ ማንም አያውቀንም አልኩት። "ደግሞ እዚያም ሊመልሱኝ?" አለኝ።
ከሱቅ የሚገዛው የፕላስቲክ ምላጭ። በእሱ ሲላጭ አንገቱ ሽፍ ይልና መግል ይይዛል። አንዴ ሞክሮት ሁለት ሳምንት ተሠቃይቷል።
ራሱ ይላጭ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሻዩን እንኳ ግማሹን የሚጠጣው ጭኑ ነው።
ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ምላጭ ይዤ የማውቀው እርሳስ ለመቅረጽ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጋዜጣውን ፈታሁት። ጥቁር እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ ረጅም ስለት። በዲናቸር አልኮል ጠረግኩት። ደገምኩት። ከዚያ በፈላ ውሃ። እኔም እየፈራሁ ማንን ልሰድብ እንግዲህ?

ጋሽ ታደሰ ከመላጨቱ በፊት የተንጠለጠለ ቆዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያመላልሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። እኛ ቤት ያለው ቆዳ የዳዊት ቀበቶ ብቻ ነው። ከበሩ እጀታ ጋር አሰርኩት፣ ቢላ እንደሚሳል ስለቱን አስቀድሜ ገፋሁ። ቀበቶው ተተለተለ። ለካ መቅደም ያለበት ጀርባው ነው፣ ስለቱ ከኋላ ተኝቶ ይጎተታል። ይህን ያወቅኩት ቀበቶውን ሦስት ቦታ ከቆረጥኩት በኋላ ነው።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። በቀብሩ ቀን ግን እንባዬ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ክንዴን ሳሙና ቀባሁና ሞከርኩ። የዛሬ ውጤት፦ ክንዴ ላይ ሁለት ጭረት፣ አውራ ጣቴ ላይ አንድ ቁርጥ። የተላጨው ቦታ ከአሥር ሳንቲም አይሰፋም።

ሐሙስ፣ ጥር 23

አባባ ያዘኝ። ውሃ ሊጠጣ ጓዳ ሲገባ ክንዴ አረፋ ለብሷል፣ ምላጩ እጄ ላይ ነው።

"ምንድነው የምትሠሪው?"

"አንተን ልላጭህ እየተማርኩ ነው።"

"ሴት ልጅ አባቷን? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የሚለውንማ ብሎ ጨርሷል፣ አባባ።"

እምቢ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ማታ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ስለ እሁዱ ወጥ ልትነጋገር መጣች። ክንዴን አየች። "ውይ! ምን ነካሽ? ደም ነው እንዴ?" አለችና የተቀመጠችበትን በርጩማ ወደ በሩ ሳበችው። ቀስ ብላ፣ የማይታወቅባት መስሏት። ስለ ሽንኩርቱ ማውራቷን ቀጠለች። አባባ በርጩማውን አየ፣ እኔን አየኝ።

እሷ ስትወጣ "ታደሰ ምላጩን አያቆመውም፣ ያስተኛዋል" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"አንቺ አቁመሽ ይዘሽው ነበር። ለዚያ ነው የሚቆርጥሽ። ቆዳውንም በሌላው እጅሽ ወጥሪው፣ ላላ ካለ ይበላዋል።"

ያን ሁሉ ዓመት የተላጨው ዐይኑን ጨፍኖ ስለሆነ የሚያውቀው በጆሮውና በቆዳው ነው። መጀመሪያ ትኩስ ፎጣ፣ "እስኪሰለችሽ ድረስ"። ቀጥሎ ሳሙና። ምላጩ ጺሙ ወደበቀለበት አቅጣጫ እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ደግሞ ድምፁን ስሚ አለኝ። ደህና ሲሄድ አይጥ እንጨት ስትፍቅ የምታሰማውን ያሰማል።

"ዝም ካለስ?"

"ዝም ካለ ወይ ምንም አልቆረጠም፣ ወይ እኔን ቆርጧል።"

ሳቅን። ዳዊት ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 24

ተሳካልኝ! ከክርን እስከ አንጓ አንድም አዲስ ጭረት የለም። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ጆሮውን ሰጥቶ እየሰማ፣ "አሁን ይኼ ደህና ነው። አሁን ተጫንሽ። ቀለል አድርጊ" እያለ። አይጧን ሰማኋት። በደስታ ብዛት ሌላውን ክንዴንም ላጨሁት። አሁን ሁለቱም ላባው እንደተነጨ ዶሮ ናቸው፣ ሰኞ ቢሮ ረጅም እጅጌ እለብሳለሁ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እውነቱን ካልጻፍኩበት ይህ ደብተር ምን ይሠራልኛል?

ኅዳር ላይ ነው። ዳዊት መነሳት ካቃተው ሰንብቷል። "እህቴ፣ ይኼ ጺም እያሳከከ ገደለኝ። እባክሽ ላጪኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ፣ "አልችልበትም፣ ብቆርጥህስ?" አልኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ። "ነገ" አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም። ያን ሁሉ ጊዜ አንሶላውን ስቀይር፣ ሳጎርሰው፣ ከፋርማሲ የገዛሁትን ጓንት አድርጌ ነበር። ሐኪሙ ለማጉረስ ጓንት አያስፈልግም ብሎ በአፉ ነግሮኛል። አላመንኩትም። ዳዊት ጓንቱን እያየ ይጎርስ ነበር።

ከነጺሙ ነው የተገነዘው።

አልችልበትም ያልኩትን ነገር ለመቻል ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ። ሦስት ቀን! እኔ ነኝ እንግዲህ ጋሽ ታደሰን በር ላይ ቆሜ የረገምኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ከቁርስ በኋላ ወንበር በረንዳው ላይ አወጣሁ፣ ብርሃን እንዲኖረኝ። ረጅሙን ጺም አስቀድሜ በመቀስ ቀነስኩት። ፎጣ በትኩስ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ። ሳሙና። አባባ እንደልማዱ ዐይኑን ጨፈነ።

ግራ ጉንጩ እንዴት ያለ ሆነ መሰለህ፣ ደብተሬ! ቆዳውን ወጠርኩ፣ ምላጩን አስተኛሁ፣ ድምፁን ሰማሁ። ከጺሙ ሥር የማውቀው ፊት ብቅ አለ፣ ከስቷል። በጣም ከስቷል። አንገቱ ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ እሱም አለፈ።

ቀኝ ጉንጩ ላይ ስደርስ ምራቁን ዋጠ ወይስ እኔ ቸኮልኩ፣ እንጃ። ድምፁ ዝም አለ። ከዚያ ደሙ አረፋው ውስጥ ወረደ፣ የረቡዕ ቁርጤ ያለበት አውራ ጣቴ ላይ ፈሰሰ።

ዘልዬ ወደ ኋላ አልኩ። ምላጩን የውሃው ሳህን ውስጥ ወርውሬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። በረኪናውን እጄ ላይ ገለበጥኩት፣ እስኪያቃጥለኝ ፈተግኩት፣ መልሼ ገለበጥኩት። ከዚያ ነው ምን እያደረግኩ እንደሆነ የገባኝ። የማን ደም ነው? የአባባ። አባባ ምን አለበት? ስኳር እንኳ የለበትም።

ስመለስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ግማሹ ፊቱ የተላጨ፣ ግማሹ አረፋ፣ ደሙ ወደ ሸሚዙ ኮሌታ እየወረደ። ዐይኑን ገልጦ እጄን አየ። በረኪናው ይሸታል።

"ለሱም እንዲህ ነበርሽ" አለኝ።

ቁጣ የለበትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"በይ ጨርሺ" አለና ዐይኑን መልሶ ጨፈነ።

ጨረስኩ። እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም። ቁርጡ ላይ ብጣሽ ሶፍት ለጠፍኩለት።

እሁድ፣ ጥር 26

አባባ ወጣ። ሱፉን ለብሶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ተመስገን፣ ይኼን አየሁ።

ቁርጡ ግን ጠቁሮ ከሩቅ ይታያል። ሰው ሊስመው ይመጣና ጉንጩን ሲያይ እጁን ይዘረጋል። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። የድሮ የቢሮ ባልደረባው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በሩቁ ነው እጅ የነሳው። አባባ ለእያንዳንዱ ጉንጩን እየሰጠ፣ እየመለሰ፣ እየሰጠ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት እያልኩ ልጮህ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን መጣችና ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አገላብጣ ሳመችው፣ ቁርጡ ላይ ሳይቀር። እሷ! ሰው አይታወቅም። ጋሽ ታደሰ አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበተን፣ ድንኳኑ እየተነቀለ፣ አባባ ባዶ አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከትናንት ጀምሮ ስለማመደው የነበረውን ልናገር ነበር። ይቅር በለኝ፣ ፈርቼ ነው፣ ለምኖኝ ነበር ልለው።

ቀደመኝ። "እኔንም ጠይቆኝ ነበር" አለ።

"ማን?"

"ዳዊት። አባባ ላጨኝ አለኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል አልኩት።"

"ይንቀጠቀጣል እኮ፣ አባባ።"

"አሁን ነው እንጂ" አለ። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያያቸው ነበር። "ያኔ ጢም ያለ ብርጭቆ ሳላፈስ እይዝ ነበር።"

እጁን ያዝኩት። ሰዎቹ ሸራውን አጣጥፈው እስኪጭኑ ድረስ እንደዚያ ቆየን።

"ጺምህ እስከ ረቡዕ መልሶ ይበቅላል፣ እላጭሃለሁ" አልኩት። ቁርጡን በጣቱ ዳሰሰና ዐይኑን ጨፈነ።